የአሮጌ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ሴራሚክ ከመልበሱ በፊት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከግድግዳ ላይ የወደቀ ሴራሚክ ካገኙ ከመጣልዎ በፊት ገልብጠው ጀርባውን ይዩት። ጀርባው ንጹሕ ከሆነ ማጣበቂያው ሴራሚኩን አልያዘውም ማለት ነው። ማጣበቂያው ጀርባው ላይ እንዳለ ሆኖ በላዩ የቀለም ቅርፊት፣ የጀሶ ዱቄት ወይም ተፈርፍሮ የመጣ ልስን ይዞ ከወረደ ግን ማጣበቂያው ድርሻውን ተወጥቷል፤ የለቀቀው ግድግዳው ነው። ጅማ ውስጥ በአሮጌ መታጠቢያ ቤቶች የማየው ውድቀት በአብዛኛው ይህኛው ነው።

ይህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማችን በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ዝናቡም ክረምትን ብቻ ጠብቆ የሚመጣ ሳይሆን ከመጋቢት ግድም ጀምሮ እስከ ጥቅምት የሚዘልቅ ነው። ግድግዳ ደርቆ የሚቆይበት ጊዜ አጭር ነው። በዚያ ላይ በብዙ አሮጌ ቤቶች መታጠቢያ ቤቱ ከቤቱ ጋር አብሮ የተሠራ አይደለም፤ ቤቱ ከቆመ ከዓመታት በኋላ ከጓሮ በኩል የተቀጠለ ወይም ከአንድ ክፍል ጥግ ተከፍሎ የወጣ ነው። ግድግዳው ውሃ እንዲችል ታስቦ አልተሠራም። እድሳት ሲታሰብ ግን ገንዘቡም ሐሳቡም ወደ ሴራሚኩ ይሄዳል። የጅማ መርካቶ ወርደን ቀለምና መጠን ለመምረጥ ከሱቅ ሱቅ እንዞራለን፤ ግድግዳውን ለማዘጋጀት ሲሆን ግን ሠራተኛውን "ዛሬ ጨርሰህ ነገ ትለጥፋለህ" ብለን እናጣድፈዋለን። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ ጥድፊያ የሚወለዱ ናቸው።

ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳያውቁ ሥራ መጀመር

የተላጠ ቀለም፣ የሚፈረፈር ልስን፣ ጥቁር ሻጋታ፣ እነዚህ ሁሉ ምልክቶች ናቸው። ምልክቱን ጠርጎ በሴራሚክ መሸፈን ውሃውን አያቆመውም፤ መውጫውን ብቻ ይዘጋበታል። ቀድሞ በግድግዳው ገጽ በኩል ይተን የነበረው እርጥበት ከሴራሚኩ ጀርባ ታፍኖ ልስኑን ከውስጥ ይበላዋል። ስለዚህ መዶሻ ከመነሳቱ በፊት መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ግድግዳ ለምን ተበላሸ?

እርጥበቱ የሚታይበትን ቦታና ጊዜ በደንብ ያስተዋለ ሰው መልሱን ለማግኘት ብዙ አይቸገርም። ከወለሉ ተነስቶ እስከ ጉልበት ወይም እስከ ወገብ ከፍታ በአግድም የተዘረጋ እድፍ ከመሬት የሚወጣ እርጥበት ነው። በአንድ ቦታ የተወሰነ፣ በጥርም በሐምሌም እኩል የሚረጥብ ከሆነ ቧንቧውን ይጠርጥሩ። ዝናብ ሲመጣ ታይቶ በበጋ የሚጠፋ፣ በተለይ በውጭ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ የሚወጣ ከሆነ ከጣሪያ ወይም ከደጅ የሚገባ ነው። ከላይ በኮርኒሱ ጥግ የሚያጠቁረው ሻጋታ ደግሞ ብዙ ጊዜ የእንፋሎት ሥራ ነው፤ መስኮቱ ትንሽ ነው፣ ወይም አይከፈትም።

የንጹሕ ውሃ ቧንቧውን ለመፈተሽ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ዘግተው የቆጣሪውን ቁጥር ይመዝግቡ፤ ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ተመልሰው ይዩት። ማንም ሳይጠቀም ቁጥሩ ከሄደ የሚያፈስ ቦታ አለ። ነገር ግን ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቧንቧው ባዶ ሆኖ ሳለ ቆጣሪው ስላልተንቀሳቀሰ ብቻ ደህና ነው ማለት አይቻልም። ፍተሻው ውሃ በሚመጣበት ቀን ይሁን። ከሮቶ የሚወርደው መስመር ደግሞ ቆጣሪ ስለሌለው ሮቶውን ሞልቶ፣ የሚሞላውን መስመር ዘግቶ፣ የውሃውን ከፍታ ምልክት አድርጎ ማሳደር ነው። ጠዋት ውሃው ከምልክቱ ወርዶ ካገኙት ሴራሚክ የመለጠፍ ጉዳይ ይቆይና ቧንቧ ሠራተኛ ይጠራ።

ከዚያ ወደ ውጭ ይውጡ። የደጁን መሬት ከፍታ ከውስጡ ወለል ጋር ያነጻጽሩ። ቀዩ አፈር ከዓመት ዓመት በጎርፍና በጥርጊያ እየተከመረ ከቤቱ ወለል በላይ የወጣበት ግቢ ጅማ ውስጥ ብዙ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ባሉ ሰፈሮች ደግሞ ይብሳል። እርጥብ አፈር የተደገፈ ግድግዳ ከውስጥ ምንም ቢለበስ አይደርቅም። አፈሩን ቢያንስ ከውስጡ ወለል 15 ሳንቲም ዝቅ እስኪል መቁረጥ፣ ውሃው ከግድግዳው የሚርቅበት ቦይ ማውጣት፣ ጣሪያው አሸንዳ ከሌለው መግጠም ያስፈልጋል። ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ መሬት ላይ እየተፈናጠረ የግድግዳውን እግር ዓመቱን ሙሉ ሲያረጥብ ማንም ልብ አይለውም።

ምንጩ ከተዘጋ በኋላም ግድግዳው መድረቁን በመዳፍ ዳስሶ መወሰን አይቻልም። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዘርግተው ዙሪያውን በፕላስተር አጥብቀው ይለጥፉና አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይተውት። ላስቲኩ ግድግዳውን በሚነካበት በኩል ጤዛ ከያዘ ግድግዳው ገና ውሃ አለው። ከላይ በክፍሉ በኩል ብቻ ከረጠበ የክፍሉ አየር እርጥበት ነው፤ መስኮት ይከፈት። ለዚህ ሁሉ የሚመቸው ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ደረቅ ወቅት ነው። ሐምሌ ላይ የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ አፍርሶ እንዲደርቅ መጠበቅ ከወቅቱ ጋር መታገል ነው፤ የሚቻል ከሆነ ያሳድሩት።

ነጩን ጨው በውሃ ማጠብ

እርጥበት የነበረበት ግድግዳ ሲደርቅ ነጭ ዱቄት ያወጣል። ከብሎኬቱ፣ ከሲሚንቶውና ከአፈሩ በውሃ ተሟሙቶ የመጣ ጨው ነው። በውሃ ሲያጥቡት ተመልሶ ይሟሟና ወደ ውስጥ ይገባል። በደረቅ ብሩሽ ጠርገው፣ የወረደውን ሰብስበው ከቤት ያውጡት። ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ከወጣ ውሃው አልቆመም ማለት ነውና ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ይመለሱ።

የጭቃ ግድግዳን እንደ ብሎኬት መቁጠር

ከጅማ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ እንጨት ቆሞ፣ ተማግሮ፣ በጭቃ የተመረጉ ናቸው። ላያቸው ላይ ሲሚንቶ ስለተለሰነ በዓይን ብቻ ከብሎኬት ቤት መለየት ያስቸግራል። በማይታይ ቦታ ላይ በቀጭን መሰርሰሪያ አንድ ቀዳዳ ይክፈቱ። ከልስኑ ቀጥሎ ቀይ አፈርና ጭድ ከወጣ ጭቃ ነው፤ ግራጫ አሸዋማ ዱቄት ከወጣ ብሎኬት ነው።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። እንጨትና ጭቃ እርጥበት ሲያገኙ ያብጣሉ፣ ሲደርቁ ይኮማተራሉ። ሲሚንቶና ሴራሚክ በዚያ መጠን አይንቀሳቀሱም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ግንኙነት ከወቅት ወቅት እየላላ ይሄዳል። የተለመደው መላ የዶሮ ሽቦ በሚስማር እንጨቱ ላይ መትቶ በላዩ ሲሚንቶ መለሰን ነው። ቀለም ብቻ ለሚቀባ የሳሎን ግድግዳ ይህ ዓመታት ሊያገለግል ይችላል። ለመታጠቢያ ቤት ግን አልመክርም። የልስኑ፣ የማጣበቂያውና የሴራሚኩ ክብደት በሙሉ የሚንጠለጠለው በጥቂት ሚስማሮች ላይ ነው፤ ሚስማሩ የተመታው ደግሞ ሊበሰብስ በሚችል እንጨት ውስጥ ነው። በመጋጠሚያ በኩል ሾልኮ የገባ ውሃ መውጫ አጥቶ ሽቦውን ያዝገዋል፣ ምሰሶውን ያበሰብሳል። እርጥብ እንጨት ምስጥ ይጠራል። ይህ ሁሉ ከሴራሚኩ ጀርባ የሚፈጸም ስለሆነ ግድግዳው ሆዱ እስኪነፋ ድረስ ማንም አያየውም።

ይህን ስናገር ደስ የማይላቸው ባለቤቶች አሉ፤ እውነት አላቸው፣ ወጪው ይጨምራል። "ልጄ፣ ይኸው ስንት ዘመን ቆሟል እኮ፤ ሴራሚክ ይከብደዋል?" ይላሉ እናቶች። "እማማ፣ የቆመው ደረቅ ስለሆነ ነው፤ አሁን በየቀኑ ሻወር ሊረጭበት ነው" ነው መልሱ።

የሚያዋጣው በጭቃው ግድግዳ ፊት ለፊት፣ በውስጥ በኩል፣ 10 ሳንቲም ብሎኬት ማቆም ነው። ብሎኬቱ የሚያርፈው በኮንክሪት ወለል ወይም ለእሱ በተሠራ መሠረት ላይ እንጂ በአሮጌው የተደለደለ አፈር ላይ መሆን የለበትም። ከመጀመሪያው ረድፍ ሥር ወፍራም ላስቲክ ወይም ካትራሜ (ጥቁር ሬንጅ) የተቀባ ንጣፍ ይግባበት፤ አለበለዚያ ከመሬት የሚወጣው እርጥበት ወደ ብሎኬቱ ይወጣል። በብሎኬቱና በጭቃው መካከል ሁለት ሦስት ሳንቲም ክፍተት ትተው፣ በየተወሰነ ረድፉ በብረት ማሰሪያ ከደህናዎቹ ምሰሶዎች ጋር ያያይዙት፤ ጭቃው እንደልቡ ይንቀሳቀስ፣ ብሎኬቱ ግን በራሱ ይቁም። ብሎኬት ከመግባቱ በፊት የምሰሶዎቹን እግር በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አድርገው ይፈትሹ። ካቻቢቴው ያለ ኃይል ከገባ ያ ምሰሶ በስብሷል፤ አሁን ካልተቀየረ ወደፊት መድረሻ አይኖረውም።

ክፍሉ እንዲህ ሲደረግ በየጎኑ ከ13 እስከ 15 ሳንቲም ይጠባል። ያን ማጣት የማይችል ክፍል ከሆነ ሻወር የሚረጭበትን ጎን ብቻ በብሎኬት ሠርቶ ሴራሚክ ማልበስ፣ የቀረውን በቀለም መተው ይሻላል። በግማሽ ግድግዳ ላይ በደንብ የቆመ ሴራሚክ ዙሪያውን ከተለጠፈና ከሁለት ክረምት በኋላ ከሚወርድ ሴራሚክ ይበልጣል።

በዘይት ቀለምና በጀሶ ላይ መለጠፍ

አሮጌ መታጠቢያ ቤት እስከ ደረት ድረስ ዘይት ቀለም የተቀባ ነው። ቀለሙ ለስላሳና ውሃ የማያስገባ ስለሆነ ጠንካራ ይመስላል። ችግሩ ማጣበቂያው የሚይዘው ቀለሙን እንጂ ግድግዳውን አለመሆኑ ነው። ሴራሚኩ የቱንም ያህል ጥሩ ማጣበቂያ ቢቀባለት፣ የሚጸናው ያ አሮጌ ቀለም ልስኑን በያዘው መጠን ብቻ ነው። ጥቂት ውሃ ግድግዳው ላይ ጠብ አድርገው ይመልከቱ። ጠብታው ሳይሰርግ ወደ ታች ከተንኳለለ ገጹ ለማጣበቂያ ዝግ ነው፤ ቀለሙ ይነሳ። በቀለሙ ላይ ጥቂት ጭረት አድርጎ መለጠፍ በቂ ነው የሚሉ አሉ፤ ውሃ በሚረጭበት ግድግዳ ላይ እኔ አልስማማም።

ቀለሙን ሲያነሱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አሮጌ ዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ ኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 90) እንዳይበልጥ የሚከለክል ደንብ ያወጣችው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2018 ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባ ግድግዳ ዋስትና የለውም። የእርሳስ አቧራ ከሁሉ በላይ ሕፃናትን ይጎዳል። ስለዚህ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ወይም በግራይንደር ማቡነን አይገባም። ውሃ እየረጩ መፋቅ፣ ወይም ልስኑ ደካማ ከሆነ ቀለሙን ከነልስኑ ማውረድ ይሻላል። በሩ ይዘጋ፣ አፍና አፍንጫ ይሸፈን፣ ልጆችና እርጉዝ ሴት ከአካባቢው ይራቁ፣ ፍርስራሹ በማዳበሪያ ታስሮ ይውጣ።

ጀሶ ደግሞ ሌላ ነው። ጀሶ ውሃ ሲያገኘው ይለሰልሳል። ከዚያም ሌላ ጀሶና ሲሚንቶ እርጥበት ባለበት ሲገናኙ በመካከላቸው እያበጠ የሚገፋ ማዕድን ይፈጠራል፤ ሴራሚኩ ከነማጣበቂያው እንደ ሙሉ ሰሌዳ ተላቆ የሚወርደው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። በደረቅ ክፍል ውስጥ እንኳ በጀሶ ልስን ላይ የሚጫነው የሴራሚክና የማጣበቂያ ክብደት በካሬ ሜትር ከ20 ኪሎ እንዳይበልጥ ይመከራል። በመታጠቢያ ቤት ግን ጀሶ ጨርሶ ሊኖር አይገባም። አብዛኛው ሰው ግድግዳው የሲሚንቶ ልስን መሆኑን ካወቀ በኋላ ይረጋጋል፤ ቀለም ቀቢው ከዓመታት በፊት ቀዳዳና ስንጥቅ የደፈነበትን ጀሶና ስቱኮ ግን ይረሳዋል። ግድግዳውን አርጥበው በሚስማር ጫር ጫር ያድርጉት፤ በቀላሉ የሚፋቀው ነጭ ነገር ሁሉ ተቆፍሮ ይውጣና ቦታው በሲሚንቶ ይሞላ።

ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ልስን "ይዟል" ብሎ ማለፍ

ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ በየመዳፉ ስፋት በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ ያድርጉ። ደህናው ልስን የሞላ፣ ደረቅ ድምፅ ይሰጣል። የለቀቀው ባዶ ድምፅ አለው፤ አንዴ ጆሮ ከለመደው አይሳሳትም። ባዶውን ቦታ ሁሉ በጠመኔ ይክበቡት። ክቡ ተሰብስቦ ከግድግዳው ሲሶ ካለፈ ሁሉንም ማውረድ ነው የምመክረው፤ እየተመረጠ የተጠገነ ግድግዳ ልስኑ እዚህና እዚያ ዕድሜው የተለያየ ስለሚሆን መጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል።

ሲያወርዱ መጀመሪያ ዙሪያውን በግራይንደር ወይም በመሮ ቀጥ አድርገው ይቁረጡ፣ ከዚያ ከለቀቀው መሃል ወደ ዳር ይሂዱ። ከባድ መዶሻ በ10 ሳንቲም ብሎኬት ላይ ማሳረፍ ደህናውንም ያናጋል፤ ብሎኬቱ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ይሰበራል።

ስንጥቅን አይቶ ወዲያው መድፈን

ስንጥቅ የቆመም አለ፣ የሚንቀሳቀስም አለ። ከመስኮት ወይም ከበር ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ፣ በግድግዳው በሁለቱም በኩል የሚታይ ከሆነ መሠረቱ እየተንቀሳቀሰ ሊሆን ይችላል። ጀሶ ጠቃሚ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፦ በስንጥቁ ላይ የመዳፍ ያህል ጀሶ በቀጭኑ ለጥፈው ቀኑን ይጻፉበትና ይጠብቁ፣ በተለይ ዝናብ መካከል እንዲገባ ያድርጉ። ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው ይንቀሳቀሳል፤ ሴራሚክ አያቆመውም፣ አብሮ ይሰነጠቃል። የዚህ ዓይነቱን ስንጥቅ ከሴራሚክ ሠራተኛ በፊት መሐንዲስ ይየው። የቆመ ስንጥቅ ከሆነ አስፍቶ ከፍቶ፣ አቧራውን አውጥቶ፣ አርጥቦ በሲሚንቶ መሙላትና በላዩ ሽቦ ማስገባት ይበቃል።

ለስላሳውን ገጽ ሳይወቅሩ መለሰን

ቀለሙ ተነስቶ፣ የለቀቀው ወርዶ፣ የቀረው ደህና ልስን ብዙ ጊዜ ለስላሳ ነው። ልሙጥ ወፍጮ እህል እንደማይዝና መወቀር እንዳለበት ሁሉ፣ ልሙጥ ግድግዳም ካልተወቀረ አዲስ ልስን አይዝም። በመሮ ወይም በሹል መዶሻ በየሦስት በየአራት ሳንቲሙ፣ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ምልክት ግድግዳውን ሙሉ ይምታ። ከዚያ በብረት ብሩሽ ይጠረግ፤ አቧራ ቀርቶ የተለሰነ ግድግዳ የሚይዘው አቧራውን ነው። የኮንክሪት ምሰሶና አግዳሚ ባለበት ቦታ ውቅሩ ይጥለቅ፤ ኮንክሪቱና ብሎኬቱ በሚገናኙበት መስመር ላይ ደግሞ ከሁለቱም ወገን 15 ሳንቲም የሚይዝ ሽቦ ይመታበት። ያ መስመር ሁልጊዜ ይሰነጠቃል።

አሮጌውን ቧንቧና ሽቦ ውስጥ ትቶ መዝጋት

ግድግዳው ክፍት በሆነበት በዚህ ሰዓት የድሮውን የብረት ቧንቧ አለመቀየር ከሁሉም የሚያስቆጨው ስህተት ነው። የብረት ቧንቧ ከውስጥ ይዝጋል፣ ይጠባል፣ በጥርሱ በኩል ያፈሳል። ዛሬ ደህና መሆኑ ሴራሚኩ እስኪያረጅ ድረስ ደህና ይሆናል ማለት አይደለም። በሙቀት በሚበየደው የፕላስቲክ ቧንቧ፣ በፒፒአር ይቀየር። አዲሱ መስመር ከመሸፈኑ በፊት ውሃ ተሞልቶ፣ አየሩ ወጥቶ፣ በእጅ ፓምፕ ግፊት ተሰጥቶት ይደር፤ የግፊት መለኪያው ጠዋት ካልወረደ መሸፈን ይቻላል። ፓምፕ ከሌለ ቢያንስ ከሮቶ ውሃ ተሞልቶ አንድ ሌሊት ይፈተሽና እያንዳንዱ መጋጠሚያ በደረቅ ሶፍት ይዳሰስ። የፍሳሽ ቧንቧውንም አይርሱት፤ አፉን በጨርቅ ደፍኖ ውሃ ሞልቶ ማየት ነው።

ቧንቧው የሚቀበርበት ቦይ ጥልቀቱ ቧንቧው ከግድግዳው ገጽ ወደ ውስጥ እንዲገባ የሚያደርግ ይሁን። ላዩ በሽቦ ተሸፍኖ ይለሰን። የውሃ መውጫዎቹ አፍ ከሚመጣው ልስንና ሴራሚክ ውፍረት ጋር ተሰልቶ ይቀመጥ፤ ይህ ተረስቶ ቧንቧው ከሴራሚኩ ጀርባ ጠልቆ ሲቀር ሠራተኛው ማራዘሚያ እየቀጠለ የሚያፈስ መጋጠሚያ ይጨምራል።

መብራቱን በተመለከተ፣ መሮ ከመነሳቱ በፊት መስመሩ ከብሬከሩ ይጥፋ፤ ማንም ሳያውቅ እንዳያበራውም ይታሰር። ያለ ቱቦ በልስን ውስጥ የተቀበረ አሮጌ ሽቦ ካገኙ በቱቦ ይተካ። ሻወር አጠገብ ያለ ሶኬት ወደ ውጭ ይውጣ። የውሃ ማሞቂያ የሚሰቀል ከሆነ ቦታው አሁን ይወሰን፤ የምድር መስመር ያለው ሽቦ ይግባለት። ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ሙያው ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ እንጂ ሴራሚክ ለጣፊው አይሥራው።

በቆሻሻ አሸዋና በወፍራም ልስን አንድ ጊዜ መጨረስ

ጅማ ገበያ ላይ ያለው አሸዋ ሁሉ አንድ አይደለም። አፈር የበዛበት አሸዋ ሲሚንቶው እንዳይይዝ ያደርጋል፤ ልስኑም ሲደርቅ በደቃቁ ይሰነጣጠቃል። ከመግዛትዎ በፊት ግማሽ ጠርሙስ አሸዋ ውሃ ጨምረው በደንብ ይበጥብጡና ጥቂት ሰዓት ያስቀምጡ። አሸዋው ከታች ይቀመጣል፣ አፈሩ ከላይ ይደረደራል። የአፈሩ ድርሻ ከ6 በመቶ ካለፈ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ፤ በዓይን ሲታይ ከአሸዋው ከፍታ ከአሥራ ስድስት እጅ አንዱ ገደማ መሆኑ ነው።

ለሴራሚክ የሚሆን ልስን 1 ሲሚንቶ ለ3 ወይም ለ4 አሸዋ ይቦካል። ሲሚንቶ ሲበዛም ጥሩ አይደለም፤ እየተኮማተረ ይሰነጠቃል። ለልስን የሚመረጠው ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት) ሲሚንቶ ነው። ውሃ ከነካው በኋላ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ የቆየውን ቡኮ ውሃ ጨምሮ ማለስለስ የተለመደ ነው፤ ግን ኃይሉን ያጣ ቡኮ ነውና ይጣል። የሚቦካው በሚሠራው ልክ ይሁን።

ከመለሰኑ በፊት ግድግዳው በደንብ ይርጠብ፣ ውሃው ግን ገጹ ላይ የሚያብለጨልጭ መሆን የለበትም። ደረቅ ብሎኬት የቡኮውን ውሃ ይመጠዋል፤ ልስኑም ሳይጠነክር ይደርቃል። በመጀመሪያ ቀጠን ያለ የሲሚንቶና የአሸዋ ቅልቅል በካዞላ (በግንበኛ ማንኪያ) ይረጭና ሻካራ ሆኖ ይደር። በማግስቱ ቀጣዩ ልስን ይግባ። አንድ ጊዜ የሚለሰነው ከ15 ሚሊ ሜትር አይለፍ። አሮጌ ግድግዳ ጠማማ ስለሆነ አራት አምስት ሳንቲም መሙላት የሚጠይቅ ቦታ ይኖራል፤ ያን በአንድ ጊዜ የሚሞላ ለሳኝ ልስኑ በክብደቱ ይንሸራተትበታል፣ ወይም ከውስጥ ይለቃል። በየደረጃው፣ እያንዳንዱ ሲጠነክር፣ ፊቱ እየተጫረ ይሞላ። በጣም ጥልቅ ከሆነ በብሎኬት ስባሪ መሙላት ወይም ሽቦ ማስገባት ይሻላል።

የመጨረሻው ልስን በፌራታዞ (በልስን ማሻ ሰሌዳ) ይስተካከል እንጂ እንደ ሊሾ አይለስልስ። ቀጥነቱን ለማረጋገጥ ሁለት ሜትር እስታጃ (ቀጥ ያለ ዘንግ) በቁም፣ በአግድምና በሰያፍ ይደገፍበት። ሴራሚኩ የሚለጠፈው በስስ ማጣበቂያ ከሆነ ከእስታጃው ሥር የሚታየው ክፍተት ከ3 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። "ጠማማውን በማጣበቂያ አስተካክለዋለሁ" የሚል ሠራተኛ ካለ አይፍቀዱለት፤ ማጣበቂያ ሲወፍር እየደረቀ ይኮማተራል፣ ሴራሚኩን ይስበዋል፣ ዋጋውም ከልስን ይበልጣል። ጥጎቹም በማዕዘን መለኪያ ይታዩ፤ ማዕዘኑ የተዛባ ጥግ ሴራሚኩ በቀጭን ሰያፍ እየተቆረጠ እንዲገባ ያደርጋል፣ ያም ከመግቢያው በር ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ወዲያው ይታወቃል።

ልስኑን ጥሎ መሄድ፣ ወይም በማግስቱ መለጠፍ

ልስን በመድረቅ አይጠነክርም፤ ከውሃ ጋር በሚያደርገው ሥራ ነው የሚጠነክረው። ስለዚህ ቢያንስ ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣ። ከዚያ ይተው፣ ይድረቅ፣ መኮማተሩን ይጨርስ። ከልስን በኋላ ሁለት ሳምንት ዝቅተኛው ነው፤ በጅማ የዝናብ ወራት ሦስትና አራት ሳምንት መጠበቅ ይገባል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚሰነጠቅ ከሆነ ይሰነጠቃል፤ ከሴራሚክ በፊት ማየት ትልቅ ጥቅም ነው። ከመለጠፉ በፊት እንደገና በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ ማድረግን አይዝለሉ።

ሴራሚክ ራሱ ውሃ ይከለክላል ብሎ ማመን

ሴራሚኩ ውሃ ባያሳልፍም መጋጠሚያው ያሳልፋል። ነጭ ሲሚንቶ የተሞላ መጋጠሚያ በየቀኑ ሻወር ሲረጭበት ውሃ ይመጥጣል፤ በጥግና በወለሉ መገናኛ ደግሞ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሻወር የሚረጭበት ግድግዳ ከወለሉ እስከ ሁለት ሜትር ገደማ፣ የቀረው ዙሪያ ደግሞ ከወለሉ ቢያንስ 15 ሳንቲም ከፍ ብሎ ውሃ መከላከያ ይቀባ። ዱቄትና ፈሳሽ ተቀላቅሎ በብሩሽ የሚቀባው ሲሚንቶ ያለበት ዓይነት ሴራሚክ በላዩ ይይዛል። ካትራሜ ግን ለዚህ ቦታ አይሆንም፤ ማጣበቂያ አይዝበትም። ሁለት ጊዜ ይቀባል፦ አንዱ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ሁለተኛው የመጀመሪያው ሲደርቅ ወደ ጎን፣ ብሩሹ የሳተው ቦታ እንዳይኖር። ጥጎቹ፣ ግድግዳውና ወለሉ የሚገናኙበት መስመር፣ ቧንቧ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች በመረብ ጨርቅ ይጠናከሩ። ውሃ የሚያገኘው መጀመሪያ እነዚህን ነው።

የመጀመሪያውን ረድፍ ከአሮጌው ወለል ማስነሳት

የአሮጌ ቤት ወለል ልክ አይደለም፤ ወደ ፍሳሹም መዝቀዝቅ ስላለበት ልክ ሊሆንም አይገባም። የመጀመሪያው ረድፍ ወለሉን ተከትሎ ከተጀመረ ጠማማነቱ እስከ ኮርኒስ ይወጣል። በውሃ በተሞላ ቀጭን ግልጽ ቱቦ በአራቱም ግድግዳ ላይ አንድ ልክ ያውጡ፤ ከወለሉ ዝቅተኛ ቦታ የአንድ ሴራሚክ ከፍታ ለክተው በዙሪያው መስመር ይሳቡ። በዚያ መስመር ላይ ቀጥ ያለ ሞራሌ (የተሰነጠቀ እንጨት) ይመታና ሁለተኛው ረድፍ በእሱ ላይ ተቀምጦ ይጀመር። የታችኛው ረድፍ የወለሉ ሥራ ካለቀ በኋላ፣ ሞራሌው ተነቅሎ፣ እንደየቦታው ተቆርጦ ይገባል። ሞራሌው የተመታባቸውን የሚስማር ቀዳዳዎች ከመሸፈንዎ በፊት በውሃ መከላከያው መልሰው ይድፈኑ።